የፍሬኑ ምራን

ባለፈው ክረምት የአጎቴ አሮጌ ትራክተር የፍሬን ዘንግ መጋጠሚያው ላይ ተበልቶ ወለቀ። እኔ በያጅ መሆኔን እያወቁ፣ ሞፈርና ቀንበር እንደሚታሰር በምራን ጠፍንገው አሰሩት። ምራን ቆዳ ነው፤ ሲደርቅ ይጠብቃል፣ ዝናብ ሲነካው ይላላል። ከይጁቤ ገበያ ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸው። ቁልቁለቱ ላይ ምራኑ ላላና ትራክተሩ የጎረቤት አጥር ጥሶ ገባ።

ስደርስ ደሜ ፈላ። ምራኑን በቢላ በጣጥሼ ጭቃው ውስጥ ወረወርሁት።

«ምን ነካዎት? ፍሬን በቆዳ ይታሰራል? ሰው ቢገድልስ ኖሮ!» ብዬ ጮኽሁባቸው።

አጎቴ ጎንበስ ብለው ቁርጥራጩን ለቀሙና በጋቢያቸው ጠረጉት።

«ትራክተሩን ስገዛ ያረድሁት የመጨረሻው በሬዬ ቆዳ ነው» አሉ። «እሱ አንድም ቀን ከድቶኝ አያውቅም። መጀመሪያ የከዳኝ ያንተ ብረት ነው።»