ጣልያን የመለሰልኝ ነፍጥ

ሰው በተቀማው ነገር ይናደዳል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያልተቀማሁት ነው።

ጣልያን ደብረ ማርቆስን ይዞ መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ብሎ ባስነገረ ጊዜ፣ ደህና ጠመንጃ ያለው ግማሹ ቀበረ፣ ግማሹ ይዞት ጫካ ገባ። እኔ የምቀብረው ደህና ጠመንጃ አልነበረኝም። የነበረኝ ከአያቴ የወረስኩት፣ ባሩዱንም አረሩንም በአፉ የሚጎርስ ነፍጥ ነው። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ እርግጥ ከእኔ የማይበልጥ ነገር ጥቂት ነው። አያቴ ቆሞ፣ ምንም ሳይደገፍ፣ በእሱ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ዝንጀሮ ይጥል ነበር። ጎረቤቶቼ ካላስረከብክ ደብቋል ተብለህ ቤትህ ይቃጠላል ስላሉኝ፣ ተሸክሜው እንደ ቀባሪ እያዘንኩ ወደ ከተማ ሄድኩ።

ተረካቢው መኮንን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አፈሙዙ ውስጥ አየ። ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። ለጣልያን ያደሩት ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ ሳይቀሩ፣ ተራ ገብተው እያዩ ሳቁ። ሲበቃቸው መኮንኑ አንድ ነገር ተናገረና ነፍጤን መልሶ ደረቴ ላይ ጣለልኝ።

"ለምርኩዝ ይሁንህ ብሎሃል" አለኝ አስተርጓሚው። "አመስግንና ሂድ።"

አመሰገንኩ። እጅ ነስቼ አመሰገንኩ።

ከሄደው ሰው ሁሉ መሐል መሣሪያዬን አንግቼ የተመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ። መንደሩ ምን ይበል? ምን ቢያደርግላቸው ነው የመለሱለት አለ። የሳቁብኝን ሳቅ ብናገርም የሚያምነኝ አጣሁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዲማ ደረሰ። እዚያ ደግሞ እጮኛ አለችኝ፤ ሠርጋችን ደርሷል።

የልጅቱ አባት ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው፤ ከአፋቸው ክፉ ቃል አልወጣም። ያስቸገረኝ አጎቷ ነው፤ የእናቷ ወንድም። የገዛ ልጁ ከአርበኞች ጋር ጫካ ስለነበር፣ ለባንዳ ልጅ ከምንሰጥ ቆማ ትቅር ብሎ መማሉን ሰማን።

በዚያ አገር ሙሽራ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን ማዶ ካለ ዛፍ ላይ ቅል ይሰቅላል። ቅሉ በጥይት ሳይመታ ሙሽራና ሚዜ ዳስ አይገቡም። ተኳሹ በቁሙ ነው የሚተኩሰው፤ መተኛት፣ መንበርከክ፣ አፈሙዙን ባላ ላይ ማስደገፍ የለም። የሳተውን ልጃገረዶቹ በዘፈን ሲያርዱት ይቆዩና ሽማግሌ አማልዶ ያስገባዋል፤ ውርደቱ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ደንቡ ሚዜ ይተኩስ ነው። የሚዜዎቼ ጠመንጃ መሬት ውስጥ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ቢተኮስበት ጣልያን የማይቆጣው መሣሪያ በአገሩ የእኔ ብቻ ነው፤ ይኸም ራሱ ወንጀል ሆነብኝ። ጠባዩን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ተኳሹም እኔው ሆንኩ።

አንደኛ ሚዜዬ መንገድ ላይ ሲያስብ ቆይቶ ነገሩን ዘረዘረልኝ። ብትመታ፣ ደህና ጠመንጃ የተተወለት ባንዳ ነው ብለው ልጅቱን ይከለክሉሃል። ብትስት፣ እውነትም ምርኩዝ ነው ብለው ያምኑሃል።

"ግዴለህም፣ ሳተው" አለኝ።

ተስማማሁ። ለመሳት እንኳ አላንስም፤ ስስት የኖርኩ ሰው ነኝ።

ደረስን። ባሩዱን በፍየል ቀንድ ለክቼ አፈሰስኩ፣ አረሩን ቅቤ በነካ ጨርቅ ጠቅልዬ በዘንግ ጠቀጠቅኩ፣ እሳቱን የምትሰጠውን ትንሿን የመዳብ ቆብ አስቀመጥኩ። ሠርገኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል፤ መሐል ላይ አጎትየው አዛጋ። እኔ ቅሉን ትቼ ከበላዩ ያለውን ቅርንጫፍ ሳይ፣ ሰው እንዲሰማው አድርጎ ከኋላዬ ተናገረ።

"ባላ አምጡለት። ለጌቶቹ ሲያጎነብስ ወገቡ ደክሟል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።"

ደሜ ፈላ። ቆሞ ሲተኩስ የማይንቀጠቀጥ ማን አለ? አፈሙዝ ዒላማ ላይ አይቆምም፤ እንደ ንብ ይዞራል። አያቴ ያስተማረኝ ማስቆሙን አይደለም፤ ዞሮ እስኪመጣ መጠበቁን ነው። የእኔ ነፍጥ ደግሞ ወደ ግራ ይስባል፤ የሚታለመው ከቅሉ ቀኝ ጠርዝ ነው። ምላጩን ስበህ ቆቧ ብልጭ ካለች በኋላም ባሩዱ እስኪሰማ ትንሽ ያስባል፤ በዚያች መሐል ያልተነቃነቀ ይመታል። ትንፋሼን ግማሹን ለቀቅኩ። ጠበቅኩ። ሳብኩ። ጭሱ ሲገለጥ ቅሉ የለም፤ ገመዱ ብቻ ይወዛወዛል።

ሴቶቹ እልልታውን ጀምረው ነበር። አጎትየው እጁን ሲያነሳ እልልታው መሐል ላይ ቀረ።

"አያችሁ? እንዲህ የሚመታ መሣሪያ ጣልያን ለማን ይተዋል? ለጠላቱ?"

"ስላላወቁበት ነው" አልኩ። "ሳቁበት እንጂ መች ተኮሱበት።"

"መድፍ የሚሠሩት ሰዎች ሳያውቁበት አንተ አወቅህበት?"

ሚዜዬ ጎኔን እየጎሸመ ሳተው አላልኩህም ይለኛል።

የኔታ ሁለታችንንም አዩን። "ይህ የእኛ ፍርድ አይደለም" አሉ። "ጫካ ያሉት ነፍጡን ይዩትና ይፍረዱ። እስኪመለስ ሙሽራው ከዳስ አይወጣም፤ ሙሽሪትም ከጓዳ አትወጣም።"

"ይውሰዱት የኔታ" አልኩ። "ሳይመለስ ቢቀርም ይሁን።"

ከልቤ ነበር። ያ ነፍጥ አንድ ጊዜ እንኳ የሚቀማው ሰው ቢያገኝ ደስ ባለኝ። አጎትየው ራሱ ተሸክሞት ሄደ። ግራ እንደሚስብ፣ ብልጭ ካለም በኋላ መነቃነቅ እንደማይገባ ደጋግሜ ነገርኩት፤ የሰማኝ አይመስለኝም።

ዳስ ውስጥ ተቀምጠን ቀረን። ጠላው ኮመጠጠ፣ የዘፋኞቹ ጉሮሮ ዘጋ፣ እንግዳው እኔን እያየ ሹክሹክታውን ቀጠለ። ፊቷን ገና ያላየሁት ሙሽራዬ በአክስቷ በኩል መልእክት ላከችብኝ።

"ነፍጡን ስትሸኝ እንባህ ቀርቦ ነበር አሉ፤ እኔን ከከለከሉህ እሱን አግባ ብላሃለች።"

ያኔ ወደድኳት።

አጎትየው ሲመለስ ነፍጡን ትከሻው ላይ ከሩቅ አየሁት፤ አርበኛም አልቀማኝም አልኩ። ቀረብ ሲል ይስቃል። ያ ሰውዬ ጥርስ እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው። የጫካው አለቃ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አፈሙዙ ውስጥ አየ አለ፤ ጓደኞቹን ጠራ፤ ተራ ገብተው እያዩ ሳቁ። ከዚያ አንዱ ተኮሰበት። ቆቧ ብልጭ ስትል ከሸፈ ብሎ አፈሙዙን ዝቅ ሲያደርግ ባሩዱ ሰማና እግሩ ሥር ያለውን መሬት ቦደሰው። ጭሱን አውሮፕላን ያየዋል ብለው ያን ቦታ ለቀው ሸሹ። አጎትየው የአለቃውን ቃል ለሠርገኛው ሁሉ ጮክ ብሎ አሰማ።

"ለባለቤቱ መልሱለት። ጣልያን ይህን የተወለት ወዳጁ ስለሆነ አይደለም። ሰውየው ባንዳ አይደለም፤ ምስኪን ነው።"

እልልታው ቀለጠ። አጎትየው አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። የኔታ መረቁኝ። እኔ ግን፣ ቅሉን መትቻለሁ እኮ፣ እናንተው ፊት፣ ቆሜ፣ ባላ ሳልደገፍ፤ ሌላ ቅል ስቀሉና እዩ እያልኩ ስከራከር የሚሰማኝ ጠፋ። ሚዜዬ እግሬን ረገጠኝ።

"ዝም በልና ሚስትህን ውሰድ።"

ወሰድኳት። ግን እስቲ ፍረዱ፤ ስሜን ያጠራልኝ ተኩሴ ቢሆን ምን ነበረበት? በዚያ ክፉ ዘመን ጣልያንና አርበኛ የተስማሙበት ነገር ቢፈለግ የእኔ ነፍጥ ብቻ ነው።

አሁን ጉልበቴ ከድቶኛል። ልወጣ ስነሳ ሚስቴ ከዘራዬን ትደብቅና ያን ነፍጥ ከበሩ ጥግ አንስታ በሁለት እጇ ታቀርብልኛለች። አልነካውም። የዚያ መኮንን የምርኩዝ ቃል እኔ ደጅ ላይ አይፈጸምም። ትናንትም እንዲሁ ተቆጥቼ ግድግዳውን ይዤ ስወጣ መድረኩ ላይ ወደቅኩ። እየሳቀች ልታነሳኝ ስትጎነበስ፣ መሬት ላይ እንዳለሁ፣ "አልያዝኩትም" አልኳት።