አሥራ ስምንተኛው ገጽ

በኮሮና ጊዜ ሰው ሁሉ የሞተበትን ሲቆጥር ሰሚያ የምትቆጥረው ቀን ነበር። ምን ታድርግ! ኮሌጁ አስተምሮ፣ ፈትኖ፣ አሳልፎ ሲያበቃ፣ ዲፕሎማውን ለማግኘት አሥራ ስምንት ወር ሥራ ላይ መቆየትሽን አሳዪ አላትና ለየወሩ አንድ ገጽ ያለው መዝገብ ሰጣት። ገጹ ላይ የገባችበት ቀን ይሞላል፤ ከግርጌው አሠሪዋ ይፈርማል። ያ ካልተሟላ ዩኒቨርሲቲው የኮሌጁን ክሬዲት አይቀበላትም። ከተሟላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ይቆጠርላትና በቀጥታ ሦስተኛ ዓመት ትገባለች። አባቷ በስደት አገር፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር፣ ቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ ዳቦና ኤርታይም የሚሉትን የስልክ ካርድ ሲሸጥ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። «አንቺ እንኳ ከፍርግርጉ ውጪ ሁኚልኝ» ይላት ነበር።

አሠሪዋ ሜይፌር የሚባለው ሰፈር ላይ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚያከፋፍሉት ጋሽ ከቢር ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ በፊርማ ነገር ግን ወዮ! መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። «ይቺ ማክሰኞ መጥተሽ ነበር?» ብለው ያፋጥጧታል። አንዴ ጥርሷን አሟት የቀረችበትን ቀን ሞልታ አግኝተዋት መዝገቡን መለሱላት። «ያልመጣሽበት ላይ አልፈርምም። ፊርማ መሐላ ነው፣ ልጄ» አሏት። መጀመሪያው ዓመት ላይ ሱቁ በመንግሥት ትእዛዝ አምስት ሳምንት ሲዘጋም እነዚያን ሳምንታት አንድ በአንድ ሰረዙባት። እሷም አንገቷን ደፍታ ቀኑን ከኋላ ጨመረች።

እንዲህ እየተባለ አሥራ ሰባት ገጽ ተፈረመና የ2021 ጁን መጣ፤ የዚያ አገር ክረምት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት፣ ብርድ ልብስ እንደ ዳቦ የሚሸጥበት ወቅት። አምስት ቀን ብቻ ቀራት። ሰኞ ጠዋት እያሳላት ተነሳች።

ብትመረመርና ቢገኝባት አሥር ቀን ቤት መቀመጥ ነው። ኮሌጁ መዝገቡን የሚቀበለው እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ስለሆነ አሥር ቀን ምንም አልነበረም! እስካሁን የሚያንገበግባት ይሄ ነው። ያኔ ግን ሦስተኛው ማዕበል መጣ፣ ሱቅ ሁሉ እንደገና ሊዘጋ ነው እየተባለ ይወራል። ከተዘጋ አምስት ቀኗ አየር ላይ ሊቀር ነው። ስለዚህ ጭምብሏን አጥብቃ ገባች። ሲያስላት «የብርድ ልብሱ ብናኝ ነው» ትላለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ከቢር በፔርሙስ የዝንጅብል ሻይ ይዘው መጡ። እጃቸውን ዘርግተው ከጠረጴዛዋ ጥግ አስቀመጡላት።

«ብናኝ ነው እኮ፣ ጋሽ ከቢር» አለች።

«ግዴለም፣ ጠጪው» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ዓርብ አምስተኛው ቀን ሞላ። «ሰኞ አንብቤ እፈርምልሻለሁ» አሏት። ሰኞ አልመጡም። በሁለተኛው ሳምንት ኦክስጅን ላይ ናቸው ተባለ፤ በሦስተኛው ሞቱ። የተፈራው የሱቅ መዘጋት እንደሆነ ያኔም አልመጣም።

ቀብር ላይ ብዙ ሰው መቆም ስለተከለከለ፣ በቀብር የሚጠየቀውን ነገር እድሩ በዋትስአፕ ጠየቀ፦ «በወንድማችን በከቢር ላይ ሐቅ ያለው ካለ፣ ለአላህ ብሎ አውፍ፣ ይቅር ይበላቸው።» መልሱ ጎረፈ። አውፍ፣ አውፍ፣ አውፍ። ሰሚያም ጻፈች። ከላከችው በኋላ ነው የገባት። እሳቸው በእሷ ላይ ያላቸውን ሐቅ ማን ይጠይቅላቸዋል? ሙትን አውፍ በሉኝ አይሉት ነገር!

ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣች። ሱቁን ለጋሽ ከቢር ሚስት የወንድማቸው ልጅ እያስተዳደረላቸው እሷን በሥራዋ አቆይቷታል፤ ኮታቸው ግን ከሚስማሩ አልወረደም። ጀርባዋን ስትሰጠው ጉሮሮ ሲጠረግ ትሰማለች፤ ዞር ስትል ማንም የለም። ታክሲ ውስጥ ሰው ሲያስል ሳትደርስ ትወርዳለች። የዝንጅብል ሽታ ከየት እንደሚመጣባት እንጃ፤ ብቻ በጠራራ ፀሐይ፣ መሀል ጎዳና ላይ ይመጣባታል። ከእሷ ይያዙ ከደንበኛ ይያዙ የሚያውቅ የለም። አለማወቋ ግን አላሳረፋትም።

ወንድሟ አዩብ ሴፕቴምበር ሲገባ ጨነቀው። «ፊርማቸውን ታውቂው የለ? ፈርሚውና ገላግዪን!» አላት። በቁራጭ ወረቀት ሞከረችው። ወይ ጉድ! ቁርጥ የሳቸው ሆኖ ወጣ። ራሳቸው አጠገቧ ቆመው የጻፉት መሰላትና ወረቀቱን በጣጥሳ ጣለችው።

ኮሌጁን ስትጠይቅ አሠሪው ከሞተ መፈረም የሚችለው የሱቁ አዲስ ባለቤት ብቻ ነው አሏት። አዲሷ ባለቤት የጋሽ ከቢር ሚስት ባህሪያ ናቸው። ኢዳ ላይ ናቸው፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ የምትቀመጥበት ጊዜ ነው። ሰሚያ ሦስት ወር ሙሉ ያንን በር ሸሽታ ኖራለች። ሴፕቴምበር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አንኳኳች።

«ምነው፣ ሰሚያ? እንዲህ እግርሽ ይጥፋ?» አሉ ባህሪያ። ከስተዋል።

ተቀመጠች፤ መዝገቡን ከፍታ አሥራ ስምንተኛውን ገጽ አሳየቻቸው። ሴትየዋ እስክሪብቶ አንስተው ሊፈርሙ ሲሉ ግን አላስቻላትም።

«ቆይ፣ እትዬ። ያን ሳምንት እያሳለኝ ነው የመጣሁት። ትኩሳትም ነበረኝ። ቀኔ እንዳይጎድል ብዬ ደበቅኳቸው» አለችና እንባዋን ዘረገፈችው።

ባህሪያ አልጮኹም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ዝንጅብሉን የቀቀልኩት እኔ ነኝ። ‹ልጅቷ ታማለች› አለኝ። ‹ታዲያ ወደ ቤቷ አትልካትም ወይ?› ብዬ ተቆጣሁት። ‹ሁለት ቀን ቀርቷታል፣ ተያት ትጨርስ› አለኝ።»

ሰሚያ ጋሽ ከቢር አያውቁም ብላ ሦስት ወር ተቃጥላለች። ማወቃቸው ደግሞ ባሰባት፤ አያውቁም ብላ መቃጠሉ ይሻላት ነበር።

ባህሪያ ፈረሙ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ። «ፊርማ መሐላ ነው ይል የለ? መጥተሻል። መምጣትሽ ውሸት አይደለም» አሉና መዝገቡን መለሱላት። «እኔ በበኩሌ አውፍ ብያለሁ። የሱን አላውቅም። ግን እባክሽ፣ እዚህ ቤት ቶሎ ቶሎ አትምጪብኝ። ሳይሽ ያ ፔርሙስ ነው የሚታየኝ።»

ክሬዲቱ ተቆጠረላት። በ2022 መጀመሪያ ሦስተኛ ዓመት ገባች፤ ኦሬንጅ ፋርም ያለው አባቷ ከፍርግርጉ ጀርባ ሆኖ ለደንበኛው ሁሉ አወራ። በሦስተኛው ሳምንት፣ መምህሩ የተገኘውን እየመዘገበ ሳለ፣ ጉሮሮዋን ከነከናት። አንዴ አሳላት፤ አቧራም ሊሆን ይችላል። ደብተሯን ሰብስባ ተነሳች።

«አሁን ከወጣሽ ቀኑ አይቆጠርልሽም» አላት መምህሩ።

«አይቆጠር» አለችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።