የጋሽ መሮ ባዶ ድንጋይ

ጋሽ መሮ የሚስቱን መቃብር ድንጋይ ባዶውን ትቶ ሌላ ሊያገባ ነው ተባለ። ወሬውን ያመጣችው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእሷ ዘንድ ወሬ የሚወጣው ልክ ተወስዶለት፣ ቁልፍ ሁሉ ተተክሎለት ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ሙሽራይቱ ተገኘች፤ ወደ ማታ አረገዘች።

ወሬው ይጣፍጥ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ውሸት ነው። እውነቱ የድንጋዩ ባዶነት ብቻ ነው።

ጋሽ መሮ የመቃብር ድንጋይ ቀራጭ ነው። ስሙን ያወጣንለት ከእጁ በማይለየው መሮ ነው፤ ወላጆቹ ባወጡለት ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ነበረች። መጀመሪያ ሥዕል ይቀርጻል፣ ስም ከሥር ይከተላል። ለሥዕሉ ደግሞ ዘመዶቹን ቁጭ ያደርግና፣ ሟቹ ምን ይወድ እንደነበር ይጠይቃል። ደግ ነበር፣ ሰው አክባሪ ነበር ሲሉት እንደ ዝንብ በእጁ ያባርረዋል፤ ከሞተ በኋላ ክፉ የሆነ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም ይላል። በዚህ የተነሳ የሹፌሩ ድንጋይ ላይ እርግቦች አሉ፤ ሚስቱ ጣራዬን ያበላሹት እነሱ ናቸው እያለች፣ እያለቀሰች ነው ያስቀረጸቻቸው። የሒሳብ አስተማሪዋ ድንጋይ ላይ ያለው የኳስ ጫማ ነው። ቡድኗ የተሸነፈ ሰሞን የታረመ ፈተና የደረሰው ተማሪ ምክንያቱን ያውቃል።

የራሱ ሚስት ስትሞት ድንጋዩን መርጦ አለሰለሰ፣ መሮውን አነሳ፣ ቆመ። ምን እንደሚያስቆጣት ያውቃል፤ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ ያውቃል። የምትወደውን ግን አያውቅም።

ልጁን ጠየቃት። እማዬ ንጹሕ ቤት ትወድ ነበር አለችው። መጥረጊያ ልቀርጽላት ነው እንዴ ብሎ ተነሳ። የሚስቱን እህት ጠየቀ።

«አንተን ነበራ የምትወደው» አለችው።

«እና የኔን ፊት ደረቷ ላይ ላስቀምጥባት? በሕይወቷ ያየችው አይበቃትም?»

ወራት አለፉ። ድንጋዩ ባዶ፣ እሱ ጺማም ሆነ። በመጨረሻ ልጁ ገፋፍታ ከሥራ ቦታው ፊት ለፊት ወዳለው እኩያው ፀጉር አስተካካይ ላከችው። አረፋ ተቀብቶ ሳለ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አቆመ። «ዳማ ነዋ» አለ።

«ማን?»

«እሷ ናታ። አንተ ስትወቅር እሷ ከሰዓት ከሰዓት እዚህ ነበረች። እኔን እያሸነፈችኝ ደንበኛ ግማሽ ጺሙን ይዞ ይጠብቅ ነበር።»

ይህንን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ እኔም ራሴ ተሸንፌላታለሁ። ስለ ሁሉ ስናወራ ይህችን ብቻ፣ ልጁና የሚስቱ እህት እንኳ ሳይቀሩ፣ ያላወራናት እሱ የሚያውቅ መስሎን ነው። ጋሽ መሮ ለምን ከእኔ ደበቀችው ብሎ ተቆጣ።

«አልደበቀችህም» አለው ፀጉር አስተካካዩ፣ ዓይኑን ወደ ምላጩ መልሶ። «አንድ ቀን የዳማውን ገበታ ይዛ ሥራ ቦታህ መጥታ፣ ቆርኪዎቹን ደርድራ ፊትህ አስቀምጣልህ ነበር። አንተ ጠርዙ ተጣሟል ብለህ ቆርኪዎቹን አራገፍክና ላግከው። አስተካክለህም መለስክላት።»

ጋሽ መሮ አስታወሰ። ያስታወሰው ግን ገበታውን ነው፤ እንጨቱ ምን ያህል ደረቅ እንደነበርና ጠርዙ እንዴት ቀጥ እንዳለለት።

ድንጋዩ ላይ ገበታውን ቀረጸ፣ የቆርኪዎቹን ጥርስ ሳያስቀር። አደራደሩን ፀጉር አስተካካዩ ነው የነገረው፤ የመጨረሻ ጨዋታቸው ነው፣ እሷ ልታሸንፍ አንድ እርምጃ ሲቀራት። ድንጋዩ የቆመ ዕለት ሁላችንም ሄድን። ልጁ አለቀሰች፤ የሚስቱ እህት፣ ይኸውልህ አሁን እሷን መሰለ አለችው። እሱ አቧራውን በመዳፉ ጠረገ፣ አንዱን ቆርኪ በጣቱ ዳበሰና፣ ማናችንንም ሳያይ፦

«እኔም እኮ ዳማ እችላለሁ» አለ።