በር ላይ የተለጠፈችው ኔዳ

ሚንቾ ቦንቼቭ የልጅ ልጃቸውን ሞት ያዩት በገዛ በራቸው ላይ ነው። ማለዳ ዳቦ ሊገዙ ወጡ፤ የግቢውን በር ሊዘጉ ዞር ሲሉ ዙሪያውን በጥቁር የተከበበ ወረቀት ተለጥፎ አዩ። ወረቀቱ ላይ ኔዳ አለች። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ሳትስቅ ሳታዝን ትክ ብላ ታያቸዋለች። ከሥሯ በትልልቁ «ኔዳ ቦንቼቫ» ይላል። ከዚያ በታች ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፤ መነጽራቸው ደግሞ ቤት ቀርቷል። ቢኖርስ ምን ይጨምርላቸዋል? የሙት ወረቀት ምን እንደሚል በከተማችን በድሪያኖቮ ፊደል ያልቆጠረ እንኳ ያውቀዋል።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፎቶው በሩ ላይ፣ ፌርማታው ላይ፣ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ይለጠፋል። በአርባው ይለጠፋል፤ በሙት ዓመቱም እንደገና ይለጠፋል። የከተማችን ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያጣራው ይዘንባል አይዘንብም ሳይሆን ማን ተለጠፈ የሚለውን ነው።

ሚንቾ ክው አሉ። በሩ ሥር መሬት ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። «አፌን! ምነው አፌን በቆረጠው!» አሉ። 

አፌን ያሉበት ምክንያት አላቸው። ሰውየውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሚንቾ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ጣቢያ ነው የሠሩት። ሃዲድ ይቀይራሉ፣ አረንጓዴ ባንዲራ ያውለበልባሉ፣ ሰው ይሸኛሉ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ያንን የባቡር ሠራተኛ ቆብ አላወለቁም። ልጃቸውን ኢቫይሎን ከነሚስቱ ወደ ስፔን የሸኙት በዚያው ባንዲራ ነው። «ሁለት ዓመት ብቻ ነው አባዬ፤ ጣራውን የምንቀይርበት ላገኝ ነው» ብሎ የሄደ ልጅ! ጣራው ተቀየረ፣ የተቀየረውም አርጅቶ ማፍሰስ ጀመረ፤ ልጁ ግን አሁንም ስፔን ነው። በበዓል ይደውላል።

ትንሿን ልጁን ትቶላቸው ነበር የሄደው። በልማዳችን የልጅ ልጅ የአያቷን ስም ትወርሳለችና እሷም እንደ ሚንቾ ሚስት ኔዳ ነበረች። በዚያ ቤት «ኔዳ!» ሲባል ከጓዳም ከጓሮም «አቤት!» ይባል ነበር። ዓምና በመከር ትልቋ ኔዳ ልቧ ድንገት ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሚንቾ ሲጣሩ የምትመልስላቸው ትንሿ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ታርኖቮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጃፓንኛ ስለምትማር፣ የምትመጣው ቅዳሜና እሁድ ነው።

የጃፓኑን ነገር ደግሞ ማን እንደጀመረው ልንገራችሁ? ራሳቸው! ልጅቷ ገና ጥርሷን ሳትለውጥ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው የጃፓን ባቡሮችን ያሳዩዋት ነበር። «እዪ! እዪ! ሰዓቱን እዪ፣ አላለፈችም! የእኛዎቹ እኮ ገነት ሊገቡ ቢጠሩም አርፍደው ነው የሚደርሱት!» እያሉ። ልጅቷ ባቡሩን ትታ አገሩን ወደደች። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት!

ባለፈው እሁድ ጓሮ ቁጭ ብለው ለክረምት የሚሆን ቃሪያ ይጠብሱ ነበር። እሳቸው ይጠብሳሉ፣ እሷ ትልጣለች። እንዲያው በዚያ መሃል አወጣችው።

«አባባ፣ ለልውውጥ ተማሪነት ታጭቻለሁ።»

«ወዴት?»

«ጃፓን። ለአንድ ዓመት። ማመልከቻውን ሞልቻለሁ፣ ፎቶም ተነስቻለሁ። የቀረኝ ረቡዕ በኮምፒውተር የሚያደርጉልኝ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው።»

«አንድ ዓመት!» ሚንቾ መቆንጠጫውን አስቀመጡ። «አባትሽም ሁለት ዓመት ነበር ያለኝ!»

«እኔ አባቴን አይደለሁም።»

«ደሙ ያው ነው! እናንተ ስትሄዱ እንጂ ስትመጡ አላውቅም!»

«አባባ፣ በናትህ፣ ስማኝ እስቲ...»

«አልሰማም! ሂጂ! ከሄድሽ ግን ለእኔ ሞተሻል። ተግባባን? የሙት ወረቀትሽን በሬ ላይ በገዛ እጄ ነው የምለጥፈው!»

ወይ ሚንቾ! ምን አናገራቸው? ልጅቷ ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን ታጥባ ወደ ቤት ገባች። በማግስቱ እሳቸው ሳይነቁ ታርኖቮ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሲደውሉ አታነሳም። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ወረቀቷም በራቸው ላይ አለ።

ጎረቤታቸው እትዬ ጊና ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ከነቆባቸው መሬት ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አንተ ሚንቾ! ምን ሆነህ ነው? ኧረ ተነስ፣ ብርድ ይመታሃል!»

ወደ በሩ ጠቆሙ። ጊና ቀና ብላ አየችና «እሪ!» አለች። «ኧረ አምላኬ! ልጅቷ! ምን በላት?» ከዚያ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አደረገችና ተጠግታ ማንበብ ጀመረች። ትንሽ አነበበች፣ እንደገና አነበበች።

«ቆይ ቆይ። ‹ውድ ባለቤት፣ እናትና አያት የነበረችው ኔዳ ከተለየችን አንድ ዓመት ሆነ› ነው የሚለው። ሚንቾ! ይሄ የሚስትህ ነው እኮ! ሙት ዓመቷ ነው! ኢቫይሎ ከስፔን ደውሎ አዝዞ ይሆናል።»

«ሚስቴን እኔ አላውቃትም? ፊቱን እዪው እንጂ!»

«ፊቱ የልጅቷ ነው፣ ጽሑፉ የሚስትህ ነው። ያቺ ፔትራና ናት! የፓስፖርቱንም የሠርጉንም የሙቱንም ፎቶ የምትሠራው እሷ አይደለች? የሁለቱ ስም አንድ ሆኖባት አሳስታ ነው። ባሏም ያው ሲለጥፍ አያይም።»

ነገሩ ሚንቾ ጆሮ ገባ፤ ልባቸው ግን እምቢ አለ። «ድምፅዋን ካልሰማሁ አላምንም» ብለው ደወሉ። ስልኩ ዝግ ነው። ደገሙ፤ ዝግ ነው። ያን ጊዜ ተነስተው ወረቀቱን ከበሩ ላይ ገነጠሉና እየተንገዳገዱ ወደ መንገድ ወጡ። ልጅቷ በሕይወት ብትኖርም ባትኖርም እንዲህ ሆና ግድግዳ ላይ አትውልም፤ በቃ።

ፌርማታው ላይ ያለውን ገነጠሉ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ያለውንም ገነጠሉ። ዳቦ ቤት ሲደርሱ ሻጯ እየሮጠች ወጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«ጋሼ ሚንቾ! እንደው ምን ልበልዎት! እንዲህ ያለች ልጅ! ምን አገኛት?»

«ምንም አላገኛትም! ደህና ናት!»

ሴትየዋ ይህን ስትሰማ ጭራሽ ባሰባት። ሐዘኑ አእምሯቸውን ነካው ብላ እንባዋን ለቀቀችው። ሰልፍ የያዙት ሁሉ ባርኔጣቸውን እያወለቁ «ነፍስ ይማር» አሏቸው። ሚንቾ በልማድ «አሜን» ብለው ወጡ። ከወጡ በኋላ «ምን ነካኝ? ምኑን ነው አሜን ያልኩት?» ብለው ራሳቸውን ሊመቱ ደረሱ።

የመጨረሻው ወረቀት ባቡር ጣቢያው በር ላይ ነበር። እሱን እየፋቁ ሳለ የታርኖቮ ባቡር መጣ፤ እንደ ልማዱ አርፍዶ። ከባቡሩ ኔዳ ወረደች።

ሚንቾ ዐይናቸውን ማመን አቃታቸው። ያው ጥቁር ኮት፣ ያው ወደ ኋላ የታሰረ ፀጉር! ወረቀቱን ከነሙጫው እንደያዙ እጃቸውን ዘርግተው ወደ እሷ ሮጡ። ልጅቷ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አትንካኝ!»

«ኔዳዬ...»

«ለጠፍከው! እለጥፈዋለሁ አልክ፣ ለጠፍከው! በርህ አልበቃ ብሎህ ዳቦ ቤት ድረስ! ጓደኛዬ ፎቶ አንስታ ልካልኝ ‹ሞተሻል እንዴ?› ብላ ጠየቀችኝ እኮ! የማመልከቻዬንስ ፎቶ ከየት አመጣኸው? ዕቃዬን በርብረህ ነው?»

ሚንቾ ጠዋት በሩ ላይ የደነገጡት ድንጋጤ ይህን አያክልም። ያኔ የሞተችባቸው መስሏቸው ነበር። አሁን ግን በሕይወት ቆማ፣ አያቴ ይህን ያደርገዋል ብላ አምናለች። ያሳደጓት ልጅ! ወረቀቱን ወደ እሷ ዘረጉ። 

«በአፌ ብዬዋለሁ» አሉ። «አፈር ልብላ፣ ብዬዋለሁ። በእጄ ግን አላደረግኩትም። አንብቢው። ከታች ያለውን አንብቢው።»

ልጅቷ ወረቀቱን ነጥቃ አነበበች። ሙት ዓመት የሚለው ላይ ስትደርስ ፊቷ ልውጥ አለ።

«የእማማ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬ ነው እንዴ? አባባ፣ ዛሬ ነው? እኔ እኮ ረሳሁት! ስለዚያ ቃለ መጠይቅ ሳስብ የእማማን ሙት ዓመት ረሳሁት!» ብላ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ሚንቾ አጠገቧ ተቀመጡ። ትከሻዋን ዳበሱ፣ እጇን ዳበሱ፤ መኖሯን በእጃቸው እያረጋገጡ ነበር። ድንገት ቀና አሉ።

«ዛሬ ረቡዕ አይደል? የጃፓኖቹ ስንት ሰዓት ነው?»

«ትቼዋለሁ። ያንን ፎቶ ሳይ ስልኬን ዘግቼ ባቡር ላይ ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ ቢቀረው ነው፤ ተወው በቃ።»

«ትቼዋለሁ? ጃፓኖችን ቀጥረሽ?» ብድግ አሉ። «ኧረ ልጄ፣ ታዋርጂኛለሽ! እነሱ ባቡራቸው ትንሽ ቢዘገይ ጎንበስ ብለው ይቅርታ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው! ተነሺ!»

ክንዷን ይዘው ከጣቢያው ፊት ለፊት ወዳለው የፔትራና ሱቅ ወሰዷት። ፔትራና የተረፉትን ወረቀቶች ጠርዛቸውን እያስተካከለች ነበር። ቀና ስትል ወረቀቱ ላይ ያለችው ሟች በሩ ላይ ቆማለች። መቀሷ ከእጇ ወደቀ።

«ስመ አብ! ስመ አብ!» አለችና ወረቀቱንና ልጅቷን አፈራርቃ አየች። «ወይኔ ጉዴ! ትልቋን ነበር እኮ! ኢቫይሎ ‹የዓምናው ፎቶ እናንተ ጋ አለ› ብሎኝ፣ ስሙን ብጽፈው ኮምፒውተሩ የሰሞኑን አወጣልኝ! እኔ ዐይነ ስውር! ጋሼ ሚንቾ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ!»

«እግሬን ተዪውና ኮምፒውተሩን ልቀቂ! ኋላ ትወድቂያለሽ!»

ኔዳ ያው ፎቶ የተነሳችበት ነጭ ጨርቅ ፊት ተቀመጠች። ዐይኗ ያበጠ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ፣ ሳያልፍ ሳያጎድል፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው አንዲት ጃፓናዊት ፕሮፌሰር ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ። ሚንቾ ሰዓታቸውን አይተው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ከዚያ ጥግ ይዘው፣ የተጨማደዱትን ወረቀቶች እንዳቀፉ ቆሙ። ሴትየዋ ይጠይቃሉ፣ ልጅቷ ትመልሳለች። መጀመሪያ ድምፅዋ ተሰባብሮ ነበር፤ እየቆየ ጠራ። ሚንቾ አንድ ቃል ባይገባቸውም የልጅ ልጃቸው እንዲህ ስትናገር ሰምተው አያውቁምና አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ይህችን ነው ቃሪያ ላስልጣት ያልኩት? አሉ በሆዳቸው።

አንድ ጥያቄ ላይ ልጅቷ ወደ ጥግ ዞረች።

«አባባ፣ ቤተሰብሽ ተስማምቷል ወይ እያሉኝ ነው። ምን ልበላቸው?»

ሚንቾ ያቀፉትን ወረቀት አዩት። ከዚያ ያንን ለበዓልም ለቀብርም የማያወልቁትን ቆብ አውልቀው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ንገሪያቸው» አሉ። «ዛሬ ጠዋት ይህች ልጅ ሞታብኝ ደጄ ላይ ተቀምጬ ነበር በያቸው። ሚስቴ ከሄደችበት የሚደውልልኝ የለም። ጃፓን ግን ስልክ አለ። ባቡርም አለ፤ ያውም በሰዓቱ የሚመጣ። ምን ሆኜ ነው የምከለክላት? ትሂድ!»

ኔዳ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁና ለሽማግሌው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። ሚንቾም እጅ ነሱ።

ከሰዓት በኋላ ፔትራና አዲስ ወረቀት አተመች። በሩ ላይ የለጠፈችው ትንሿ ኔዳ ናት፤ ሚንቾ ጫፍ ጫፉን ይዘውላት ነበር። ትልቋ ኔዳ ዓምና በተለጠፈው የበዓል ፎቶዋ ላይ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች።

«ይቺ ናት ሚስቴ» አሉ ሚንቾ፣ እያለቀሱ።