የጭነት መኪና ክላክስ ለቤት በር

ድሮ በር ሳይቆለፍ ይታደር ነበር ይባላል። ውሸት ነው። ያደግኩት በደርግ ጊዜ፣ ልደታ ነው፤ በራችን አንድ ቁልፍ፣ ሁለት መቀርቀሪያና ከኋላው የሚደገፍ ግንድ ነበረው።

አባቴ ሾፌር ስለነበር ወሩን ሙሉ ክፍለ ሀገር ነው። እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ታኖረን ነበር። ከታችኛው ቤት ሬዲዮ የተሰረቀ ሰሞን ዓይኗን ከስፌት መኪናዋ ላይ መንቀል አቃታት። "ይቺ ከሄደች አለቀልን" ትላለች።

ታናሽ ወንድሟ አብነት ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነበር፤ ለሁሉም ችግር መድኃኒቱ ከመኪና የተፈታ ዕቃ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የጭነት መኪና ክላክስና ያረጀ ባትሪ ተሸክሞ መጣ። ክላክሱን ከጣሪያው ሥር ሰቀለው። የልብስ መቆንጠጫ ጥርሶች ላይ ሽቦ ጠቀለለ፤ በመሃላቸው ከጀሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ ሸጎጠና በሲባጎ ከበሩ ጋር አሰረው። በሩ ሲከፈት ፕላስቲኩ ይወጣል፣ ሽቦዎቹ ይነካካሉ፣ ክላክሱ ይጮኻል። ከዚያ ወዲህ ካነበብኳቸው መጻሕፍት መካከል ይህን ያህል የጠራ ሐሳብ ያገኘሁባቸው ጥቂት ናቸው።

"እትዬ፣ ሰፈሩ ግር ብሎ ሲወጣ ታያለሽ!" አላት። ወደ እኔ ዞረና "ሌባዋ አንቺ ነሽ፤ በይ ክፈቺው" አለኝ።

ከፈትኩት። ክላክሱ አጓራ።

ማንም አልወጣም። የጎረቤት ሬዲዮ ድምፁ ጠፋ። ልብስ የምታሰጣው ሴትዮ አንሶላውን በአንድ ጫፉ አንጠልጥላ ትታው ገባች። በሮች ተራ በተራ ሲዘጉ ሰማን። በዚያን ጊዜ ደጅ ላይ ክላክስ የሚያስጮህ መኪና ሰው ሊወስድ የመጣ መኪና ነበር። እኛም እናውቃለን፤ ሽቦ ስንጠመዝዝ ረሳነው እንጂ።

በመጨረሻ አጠገባችን የሚኖሩት አሮጊት ነጠላቸውን እያስተካከሉ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉ።

"ማንን ሊወስዱ ነው?"

"ማንንም፣ እማማ" አለች እናቴ። "ለሌባ ያስገጠምነው ነው።"

"ለሌባ! ልጄን አልጋ ሥር ከትቼው መምጣቴ ነው እኮ!"

"ዘመናዊ ነው እማማ፣ ይለምዱታል" አለ አጎቴ።

"አንተ ልመደው! እኛን የፈለግሽ እንደሆነ ልጄ፣ ቆርቆሮውን ደብድቢና ስማችንን ጥሪ። ድምፅሽን እናውቀዋለን።"

እናቴ ክላክሱን በዚያኑ ዕለት አስወረደችው። አጎቴ አኩርፎ ሻይ ሳይጠጣ ሄደ።

ወር ሳይሞላ፣ እሑድ ጠዋት፣ የሰፈሩ ግማሽ ልደታ ማርያም ሊያስቀድስ ሄዶ ሳለ፣ አንድ እጅ በመስኮታችን ገባ። እናቴ በልብስ መለኪያዋ እንጨት የቆርቆሮውን አጥር እየደበደበች ተጣራች። አሮጊቷ ዘነዘና ይዘው፣ ልጃቸው በአንድ እግር ጫማ፣ ያቺ አንሶላ የተወችው ሴትዮ ደግሞ እጇ ሊጥ እንደሆነ ደረሱ። እጁ ወጣ፤ የስፌት መኪናዋ ቀረች። እኔ የተማርኩት በእሷ ነው።

ያን ዘመን አልናፍቅም። እነዚያን ሦስት ሰዎች ግን በየቀኑ እናፍቃለሁ። አሁን ግድግዳዬ ላይ ሽቦ የሌለው ሳይረን አለ፤ የገጠመልኝ ባለሙያ ስልኬም ላይ እንደሚጮኽ ነግሮኛል። ባለፈው ሳምንት በንፋስ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጮህ ጎረቤቶቼ ያደረጉት መስኮት መዝጋት ነው። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ጎረቤትዎ ቤት ሳይረን ሲጮህ ከሰሙ ይነሡና ሄደው በሩን ይደብድቡ።