መሪጌታ ፍቅረ ማርያምና ዕረፍት ያጣው ቴሌቪዥን

መሪጌታ ፍቅረ ማርያም ከዕድሜያቸው የሚበዛውን ያሳለፉት ዘጌ፣ ከቡናው ጥላ ሥር ተማሪ ሰብስበው ዜማ ሲያስተምሩ ነው። ሲቆጡ የሚፈሩ፣ ሲስቁ ደግሞ ሰው የሚያስከትሉ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ዳገቱን ወጥተው ቅኔ ማኅሌት መድረስ ሲያቅታቸው፣ ልጃቸው ዜማ በጀልባ ሄዳ፣ ለምናም ተቆጥታም፣ ባሕር ዳር አመጣቻቸው።

ዜማ የምትኖረው ዓባይ ማዶ ነው። እሷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ባሏ አስማማው፣ ደሴ ከተማ ተወልዶ ያደገ የኮሌጅ መምህር ነው። ሁለቱም ጧት ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። ዕድሜ ልካቸውን በተማሪ ጩኸት መካከል የኖሩት መሪጌታ፣ ከባጃጅ ድምፅ በቀር የሚሰሙት አጡ። አንዳንድ ቀን ለራሳቸው ውዳሴ ማርያም ይደግሙና ድምፃቸው ባዶውን ሳሎን ዞሮ ሲመለስ ይከፋቸዋል።

ሳሎኑ ውስጥ አስማማው የሚሳሳለት አንድ ሰፊ ቴሌቪዥን አለ። ውፍረቱ ከዳዊት መጽሐፍ የእንጨት ገበታ አይበልጥም። መሪጌታ መጀመሪያ ዞር ብለውም አላዩት። አንድ እሑድ ግን ዜማ የቤተ ክርስቲያን ጣቢያ ከፈተችላቸው፤ ማኅሌት ተቁሟል። ጸናጽሉ ሲሰማ ተነሥተው መቋሚያቸውን ያዙ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቴሌቪዥኑ አላረፈም። መሪጌታ ጧት ይከፍቱታል፤ ከመዘምራኑ ጋር ይዘምራሉ፣ ያርማሉ፣ ይቆጣሉ። «ኧረ ቀስ! ገና ዝማሜ ላይ ነን፣ ምን ያቻኩልሃል?» ይሉታል አንዱን ወጣት መዘምር፣ የሚሰማቸው ይመስል። ምሳ ሲበሉም፣ ጋደም ሲሉም፣ ግቢ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁም ቴሌቪዥኑ ብቻውን ይዘምራል። ዜማ «አባዬ፣ ሲወጡ ቢያጠፉት እኮ ምንም የለው» ስትላቸው፣ «ማኅሌት ተቁሞ ሳለ እልፍኙን ልዝጋበት? ነውር ነው» አሏት። ጣቢያው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያስተላልፋል እንጂ አይዘጋም። ማታ ሁሉም ሲተኛ ግን፣ «የከተማ መብራት አይታመንም፣ ዕቃ ያቃጥላል» ብለው ሶኬቱን ራሳቸው ይነቅሉታል። ለቤቱ ማሰባቸው ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አስማማው ኳስ ሊያይ ተቀመጠ። አረንጓዴው ሜዳ ላይ፣ ከላይ በቀኝ ጥግ፣ ፈዘዝ ያለ መስቀል ይታያል፤ የጣቢያው ምልክት ነው። ከታችም ጽሑፍ ሲያልፍበት የሚውለው መስመር ጥላውን ጥሏል። ጣቢያው ተቀይሯል፣ ምልክቱ ግን አልሄደም። አስማማው ተነሥቶ በጨርቅ ወለወለው፤ እንዳለ ነው።

«አቧራ ነው ልጄ፣ በጋው እኮ ጠንቷል» አሉት መሪጌታ ከጎኑ ሆነው።

«ይሆናል አባ» አለና ተቀመጠ።

አስማማው አማቱን ይወዳቸዋል፣ ይፈራቸዋልም። ስለዚህ ዝም ብሎ በስውር ነገሩን ለማብረድ ሞከረ። መጀመሪያ የስክሪኑን ብርሃን ቀነሰው። በማግሥቱ መሪጌታ ዓይናቸውን እያሹ ተቀመጡ፤ መዘምራኑ ጭጋግ ውስጥ የቆሙ መሰሏቸው። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ በየተወሰነ ጊዜ ራሱን እንዲያጠፋ ሰዓት ሞላበት። በዓሉ ደርሶ ቅዱስ ያሬድ ሲወደስ ድርግም አለ። መሪጌታ ደንግጠው ዜማ ዘንድ ደወሉ።

«መብራት ሄደ!»

«አምፖሉስ አይበራም አባዬ?»

«አምፖሉማ ይበራል።»

«ታዲያ መብራት አልሄደማ!»

«እንግዲህ ለዚህ ለቴሌቪዥኑ ብቻ ነው የሄደበት» አሉና ስልኩን ዘጉ።

እንዲህ እያለ ሰነበተ። አንድ ጧት መሪጌታ ፊታቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ፣ ከወጥ ቤት የባልና ሚስቱን ንግግር ሰሙ።

«ንገራቸው በቃ» ትላለች ዜማ።

«ምን ብዬ? ቴሌቪዥኑን አበላሹት ልበላቸው? የገዛ አባቴ ቢሆኑ እናገር ነበር። መስቀሉ በየጣቢያው ታትሞ ይቅር፣ ምን ይደረጋል።»

መሪጌታ ሳይታጠቡ ተመለሱ። ሁለቱ ሥራ ሲሄዱላቸው ቴሌቪዥኑን ከፈቱና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቢያውን ራሳቸው ለወጡት። ዜና ነው፤ ከዜና አንባቢዋ ራስ በላይ ያ መስቀል ተቀምጧል። እንደገና ለወጡ፤ የልጆች ፕሮግራም ነው፣ መስቀሉ አለ። «በስመ አብ!» አሉ። በመዳፋቸው ዳሰሱት። አፈሩ። ሰው ቤት በእንግድነት ገብተው፣ ባለቤቱ የሚሳሳለትን ዕቃ አጠፉ። ጋቢያቸውን ደረቡ፣ ዳዊታቸውን በብብታቸው፣ መቋሚያቸውን በእጃቸው ያዙና ባጃጅ ጠርተው ወደ ጀልባው መነሻ ሄዱ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አይታቸው ኖሮ ለዜማ ደወለችላት፤ ዜማ ደግሞ ለአስማማው። አስማማው ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን እንደተቀመጡ ትቶ ወጣ።

ሲደርስ መሪጌታ ከአንድ ሾላ ሥር ተቀምጠው ጀልባው እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነሥቶ ውኃው ዳርቻውን ይመታል።

«የት ሊሄዱ ነው አባ?»

«ወደ ቦታዬ። ንብረትህን አጠፋሁ። በምን ዓይኔ አይሃለሁ ከእንግዲህ?»

አስማማው ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አፍ አውጥቼ ብነግርዎ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነበር። እኔ ግን በጎን ብርሃኑን ስቀንስ፣ እንዲጠፋ ሰዓት ስሞላበት ከረምኩ።»

መሪጌታ ቀና አሉ። «ያ መብራቱን እያጠፋ የሚያሳብደኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያ ድንግዝግዙም?»

«እሱም እኔ ነኝ አባ።»

«ወይ አንተ! እኔ ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብዬ ለሩፋኤል ጥላ ተሳልሁ እኮ!» አሉና፣ ሳያስቡት ሣቅ አመለጣቸው። አስማማውም ሣቀ። ጀልባ የሚጠብቁት ሰዎች ዘወር ብለው አዩአቸው።

ሣቁ ሲበርድ አስማማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ የሞተው ሳላውቀው ነው። ከሥራ ስገባ የአባት ድምፅ የሚሰማበት ቤት ኖሮኝ አያውቅም ነበር። ከመንገድ ሆኜ ያን መዘምር ሲቆጡት ስሰማ ደስ ይለኛል። ቴሌቪዥኑን ዓባይ ይውሰደው።»

 መሪጌታ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው፣ «እንግዲህ ስለቱን አንተ ታገባለህ» አሉና ለመነሣት ተደገፉት።

በማግሥቱ ግሽ አባይ ሰፈር ሱቅ ያላት ኢትዮጵያ የምትባል የቴሌቪዥን ጠጋኝ መጣች። ቴሌቪዥኑን በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በነጭ ቀለም እየሞላች አየችው። መሪጌታ እንደ ተማሪ ፊቷ ተቀመጡ። ስክሪኑ ከጥቃቅን መብራቶች የተሠራ መሆኑን፣ አንድ ምስል ሳይነቃነቅ ሲውል በዚያ ቦታ ያሉት መብራቶች ከሌሎቹ ቀድመው እንደሚደክሙ ነገረቻቸው። ቶሎ የተደረሰበት ጥላ ይለቃል፤ የቆየው ግን አይለቅም። ብርሃኑ መጠነኛ ይሁን፣ ጣቢያው ይቀያየር፣ የማያዩት ከሆነ ይጥፋ።

«ማታ ሶኬቱን የሚነቅለውስ ማነው?» አለች።

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ።

«ይሄ ዓይነቱ ቴሌቪዥን ራሱን የሚያጸዳው ሲጠፋ ነው አባ፤ ግን መብራት ማግኘት አለበት። በሪሞት ያጥፉትና ሶኬቱን ይተዉት። ለመብራቱ መዋዠቅ መከላከያ ይገጠምለታል።»

«ለካ ሲተኛ ነው የሚታጠበው!» አሉ መሪጌታ ተገርመው።

ማጽጃውን አስጀምራላቸው ሄደች። የታችኛው መስመር በሳምንታት ውስጥ ለቀቀ። መስቀሉ ግን ፈዘዘ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሰማይ የበዛበት ምስል ሲመጣ ዛሬም ይታያል። አስማማው ለምዶታል።

መሪጌታ አሁን ቴሌቪዥን የሚከፍቱት ተቀምጠው ሊያዩት ሲሆን ብቻ ነው። ለቀኑ ዝምታ አስማማው ትንሽ ራዲዮ አመጣላቸው። «ራዲዮ መልክ የለው፣ ምኑ ይታተማል!» ብለው መረቁት። ጧት ጧት ደግሞ ሥራ ከመግባቱ በፊት ቅርብ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል፤ እዚያ ጥቂት ዲያቆናት ከእሳቸው ጾመ ድጓ ይማራሉ፣ እሳቸውም ይቆጧቸዋል። ቅዳሜ ከአስማማው ጋር ኳስ ያያሉ። ሕጉን ገና አልያዙትም፤ ወድቆ ለሚንፈራገጥ ተጫዋች ሁሉ ያዝናሉ።

ባለፈው ወር የሰፈሩ የጽዋ ማኅበር ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ቤት ነበር። እሷም የልጇን የሠርግ ፎቶ ቴሌቪዥኗ ላይ ከፍታ፣ እንግዳ ሁሉ እንዲያይላት ከጧት ጀምራ አቁማዋለች። መሪጌታ ጸበል ጻዲቁ ሳይቆረስ ተነሡ።

«ወለተ ጊዮርጊስ፣ ሙሽሮቹን አንቀሳቅሻቸው እባክሽ! እዚያው ታትመው ይቀራሉ። እኔን ያየ ይቀጣ።»

ሰው ሁሉ ሣቀ። እሷ ግን ሪሞቷን ፍለጋ ትራሱን መገልበጥ ጀመረች፣ መሪጌታም እስክታገኘው ድረስ አልተቀመጡም።