በክር የታጠረ ወለል

የእስር ቤቱ የሴቶች ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ወለሉን ነው። ሥራዬ አስለምዶኝ ይሆናል፤ የትም ስገባ ዓይኔ መሬት ይፈልጋል። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቋል፤ ከስንጥቁ ጉንዳን ይወጣል። ሴቶቹን ያየኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ።

የተያዝኩት ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው ጫካ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር መሬቱን በገመድ በአራት ማዕዘን እያጠርን፣ እዚያ ውስጥ የተገኙትን ነፍሳትና ዕፅዋት በየዝርያው ለይተን እንቆጥር ነበር። የአንድ ቦታ ብዝኃ ሕይወት የሚለካው እንዲህ ነው። የቆጠርንበት እንዳይጠፋን ዛፎቹ ላይ ቀይ ሪባን አስሬ ነበር። ጊዜው የጥርጣሬ ነበር። የያዙኝ ሰዎች ሪባኑ ለማን ምልክት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እውነቱን ብነግራቸው ሳቁ።

አጠገቤ የምትተኛው የዶርዜ ሴት ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ለምን እንደታሰረች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ጸሎት አብረን እናደርስ ስለነበር የክርስትና ስሟን ግን ነግራኛለች፤ እዚህ አልጽፈውም። ጉንዳኖቹን በዓይኔ ስከተል አይታ ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዝዛ ሰጠችኝ። ጫፉን በሳሙና ቁራጭ እያጣበቅሁ ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ሠራሁ። ጠዋት ጠባቂዎቹ እኛን ቆጥረው ሲወጡ እኔ ጉንዳን መቁጠር እጀምራለሁ።

«እነሱ እኛን፣ አንቺ ጉንዳን። ጉንዳኑስ ማንን ይቁጠር?» አለችኝ።

ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ነገርኳት። ጉንዳኑ ቢርመሰመስም ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ቦታውን ደሃ እንለዋለን፤ ሀብታም የሚባለው ብዙ ዓይነት፣ አንዱ ሌላውን ሳይውጠው ሲገኝበት ነው። ክፍሉን ዞር ብላ ቃኘችው፤ ጥግ ላይ የምትሰግደውን ነጋዴ፣ የወላይታዋን ተማሪ፣ ከምዕራብ ዓባያ የመጣችውን ሙዝ ሻጭ፣ እኔን።

«እንግዲያ ይሄ ቤት ሀብታም ነዋ» አለች። ከገባሁ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ሁዳዴ ሊፈታ ሲቃረብ መርማሪው አስጠራኝ። ሻይ አስቀረበልኝ። የእኔ ነገር ቀላል እንደሆነ፣ ፋሲካን ከእናቴ ጋር መዋል እንደምችል ነገረኝ። ዶርዜዋ ከየትኛው ቡድን እንደሆነች ከአፏ ሰማሁ ብዬ ብፈርም ይበቃዋል። ምንም አልሰማሁም አልኩት።

«ጉንዳን ከጉንዳን የምትለይ ሴት፣ ሰው መለየት አቃተሽ?»

እናቴን አሰብኳት፤ ደጁን እያየች ስትጠብቀኝ። በእኛ ሥራ ዝርያው ያልታወቀ ነገር ሲያጋጥም የስሙ ቦታ ባዶ ይተዋል። ገምቶ መሙላት ነውር ነው፤ ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያሳስታል። በሐሰት አትመስክር የሚለው ደግሞ ከሥራው በፊት የተማርኩት ነው።

«ጉንዳኗን በእጄ ይዤ፣ አይቼ ነው ስም የምሰጣት» አልኩት። «ያላወቅሁትን ባዶ እተወዋለሁ።»

ሻዩን ሳልነካው መለሱኝ።

ስገባ እትዬ የለችም። እኔ መርማሪው ፊት ተቀምጬ ሳለሁ ወስደዋታል። የእኔ ቃል ኖረም አልኖረም ለእሷ ለውጥ እንደማያመጣ ያኔ ገባኝ። ሴቶቹ ቦታዋን አልያዙትም። እግር መዘርጊያ በሌለበት ክፍል የአንድ ሰው መኝታ ባዶ ትተን፣ እርስ በርስ ተጠጋግተን አደርን። በማግስቱ ጠባቂዋ ወለሉን ጠርጋ ክሩንም ይዛው ሄደች፤ ቦታው ላይ አዲስ እስረኛ ተቀመጠች።

ፋሲካን እዚያው ዋልኩ። ሲለቁኝም ምክንያቱን የነገረኝ የለም።

አሁን ከአገሬ ርቄ፣ ፀሐይ በማይበረታበት ከተማ፣ ሌሎች የሰበሰቧቸውን ነፍሳት በየዝርያቸው እለያለሁ። ስለ እትዬ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ አየኋት ያለኝ ግን አላገኘሁም። በጸሎቴ መጀመሪያ የሕያዋንን፣ ቀጥሎ የሙታንን ስም አነሳለሁ። እሷን ከየትኞቹ ጋር እንደማደርጋት አላውቅም። ስለዚህ ሕያዋኑን ስጨርስ ቆም እላለሁ፤ ስሟን ለብቻው እጠራለሁ፤ ከዚያ ወደ ሙታኑ አልፋለሁ።